ስለ ሰማይዋ እናትና ስለ ልጅዋ

አንድ አጭር የሥዕል ፊልም እንዴት እንደሚታይና እንደሚመዘን፤ ለቤተሰብ ጥናት የቀረበ ትምህርት

በኪሌሌሽዋና በአካባቢዋ የምንኖር አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ልጆቻችንን የምናሳድገው በብዙ ቋንቋና በብዙ ተረት መካከል ነው። ልጁ በቤት አማርኛ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ በመንገድ ላይ ስዋሂሊ ይናገራል። ከሁሉም ይልቅ ዐይኑን የሚስበው ግን የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ነው። በዚያም ሥዕል ውስጥ አንዳንድ ጊዜ አማልክት ይታያሉ፤ ይቈጣሉ፣ ይሥቃሉ፣ ከሰዎችም ጋር ይከራከራሉ። ወላጅ ይህን ባየ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ደንግጦ ያጠፋዋል፣ ወይም «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚህ ትምህርት ልናሳይ የምንወደው ከሁለቱ የሚሻል ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ነው፤ እርሱም ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ማየት፣ በሚያሥቀው ነገር አብሮ መሣቅ፣ ከዚያም በኋላ አብሮ መጠየቅ ነው።

ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነን በዚሁ በምንኖርበት አገር ልጅ የተሠራ አንድ አጭር ፊልም መርጠናል። ፊልሙን ለማየት ዕድል ያላገኘ አንባቢም ትምህርቱን ሊከታተል ይችላል፤ ነገሩ የአንድ ፊልም ብቻ አይደለምና።

1. ፊልሙ ምን እንደሚናገር

ፊልሙ «እንካይ» ይባላል፤ አዘጋጅዋ ኬንያዊቷ ንጌንዶ ሙኪ ናት። «ኪዛዚ ሞቶ» በሚል ስም በአንድነት ከቀረቡት ዐሥር አጫጭር የአፍሪካ የሥዕል ፊልሞች አንዱ ሲሆን፣ ዐሥሩም በጁላይ 5 ቀን 2023 በዲዝኒ ፕላስ በኩል ለዓለም ተገለጡ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በስዋሂሊ «ኪዛዚ» ትውልድ፣ «ሞቶ» እሳት ማለት ነው። ሥራውን በዋናነት የመራው በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን የሚገኘው ትሪገርፊሽ የተባለው የሥዕል ፊልም ቤት ነው። ፊልሞቹም ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያ፣ ከግብፅ፣ ከዚምባብዌና ከደቡብ አፍሪካ የተሰበሰቡ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ዐሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳሉ።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሺሮ የሰማይ አምላክ የሆነችው የእንካይ ልጅ ናት፤ እርስዋም ራስዋ ገና ሕፃን ናት። እናትዋ የመፍጠር ኃይል አላት። ሕፃኒቱ ግን ይህ ኃይል ወሰን ያለው መሆኑን ትደርስበታለች፤ ከዚህም በላይ በምድር ያሉ ሟች ሰዎች ስለ ምድር ሀብት በሚያደርጉት፣ እየባሰ በሚሄደው ጠብ ምክንያት የእናትዋ ኃይል እየተበላ መሆኑን ታያለች። የታሪኩ አጥንት ይህ ነው።

የልጅቱን ስም የሰማ የእኛ ልጅ መጀመሪያ መሣቁ አይቀርም፤ ሺሮ ለእኛ የምሳ ወጥ ነውና። ይሣቅ። ከሣቀ በኋላ ግን ሺሮ በኪኩዩዎች ዘንድ ዋንጂሩ የሚለው ስም ሲቈላመጥ የሚጠራበት መሆኑን እንንገረው። በኪኩዩ ትውፊት የሕዝቡ የመጀመሪያ እናት ሙምቢ ትባላለች፤ ትርጓሜውም ጭቃ እንደምታበጅ ሴት «የምትሠራ፣ የምትቀርጽ» ማለት ነው። ከሴቶች ልጆችዋም አንዲቱ ዋንጂሩ ናት። እንግዲህ አዘጋጅዋ ለሕፃኒቱ የመረጠችው ስም በናይሮቢ መንገድና በትምህርት ቤት ሁሉ ቀን የሚጠራ፣ ነገር ግን ሥሩ ጥልቅ የሆነ ስም ነው። የሰማይዋ ልጅ የጎረቤታችንን ልጅ ስም ይዛለች።

ስለ አዘጋጅዋም ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ንጌንዶ ሙኪ በአሜሪካ በሮድ አይላንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በኋላም በለንደን በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተምራለች። በ2012 የሠራችው «የሎ ፊቨር» (ቢጫ ወባ) የተባለው አጭር ፊልም ስለ አፍሪካውያን ሴቶችና የቆዳቸውን መልክ ለማንጣት ስለሚደረገው ነገር ይናገራል፤ ሥዕልን፣ ዳንስንና በካሜራ የተነሣ ሰውነትን አንድ ላይ አስተባብሮ የሠራው ፊልም ነው። በዚያም ውስጥ የአንዲት ትንሽ ልጅ ድምፅ ይሰማል፤ ታላላቆች የለመዱትንና የማያፍሩበትን ነገር ልጅቱ በግልጽ ትናገረዋለች። በ«እንካይ»ም ደግሞ እውነቱን የምታየው ሕፃን ናት። አዘጋጅዋ ሁለት ጊዜ ያደረገችው ይህ ነገር በድንገት የሆነ አይመስለንም።

2. የሥዕል ፊልም የሚሠራበት ድካም

እንዲህ ያለው ፊልም በተለምዶ አኒሜሽን ይባላል። ቃሉ የተገኘው «አኒማ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ትርጓሜውም እስትንፋስ ወይም ነፍስ ማለት ነው። ሞቶ የተቀመጠውን ሥዕል ነፍስ እንደ ዘራበት አድርጎ ማሳየት ነውና ስሙ ተስማምቶታል።

አሠራሩን ለልጆች ለማስረዳት ደብተርና እርሳስ ይበቃል። በደብተሩ ጠርዝ ላይ አንዲት ወፍ ክንፍዋን ዘርግታ ትሣላለች፤ በሚቀጥለው ገጽ ክንፍዋ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ በሦስተኛው ከዚያ ይልቅ ዝቅ ይላል። ገጾቹን በአውራ ጣት በፍጥነት ሲያልፏቸው ወፊቱ ትበራለች። በፊልምም ሕጉ ይኸው ነው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 የማይንቀሳቀሱ ሥዕሎች ያልፋሉ፤ ዐይናችን ያያይዛቸውና አንድ እንቅስቃሴ ያደርጋቸዋል። ዐሥር ደቂቃ የሚቈይ ፊልም እንግዲህ 14,400 ሥዕሎች ያልፉበታል። ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ ቢታይ እንኳ 7,200 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ። በአሁኑ ዘመን ኮምፒዩተር ብዙውን ድካም ቢያቃልልም፣ የዐይን ሽፋን እንዴት እንደሚከደን፣ የሕፃን እጅ የእናትን ቀሚስ እንዴት እንደሚይዝ አስቦ የሚወስነው ሰው ነው።

ይህን መናገራችን ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ልጅ በዐሥር ደቂቃ ተመልክቶ የሚጨርሰው ነገር የብዙ ሰዎች የብዙ ወራት ድካም መሆኑን ሲያውቅ፣ ማየቱ ራሱ ይለወጣል። የተሰጠውን ነገር ሁሉ «ከየት መጣ? ማን ደከመበት?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ፊልሙ ሊያስተምር የሚወደውም ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ የፊልሙ አሠራርና የፊልሙ ታሪክ አንድ ቃል ይናገራሉ።

3. እንካይ የሚለው ስም ክብር የሚገባው ስለ መሆኑ

ከእኛ መካከል አንዳንዱ ይህን ስም ሰምቶ «የጣዖት ስም ነው» ሊል ይችላል። እንዲህ ከማለቱ በፊት ግን ጥቂት ያስተውል። በማሳይ ቋንቋ እንካይ ማለት እግዚአብሔር ማለት ነው፤ ቃሉ ከሰማይና ከዝናብ ጋር የተያያዘ ነው። በሰዋስዉም መሠረት የሴት ጾታ ያለው ስም ነው። ማሳዮች ስለ ጥቁሩ እንካይና ስለ ቀዩ እንካይ ይናገራሉ፤ ጥቁሩ ቸር ነው፣ ዝናብ ያዘለ ደመና ጥቁር ነውና፤ ቀዩ የቍጣና የድርቅ ነው። የሰኔን ደመና በናፍቆት የጠበቀ የደጋ ገበሬ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በሰሜን ታንዛኒያ ያለው፣ እስካሁንም እሳት የሚተፋው ኦል ዶይንዮ ሌንጋይ የተባለው ተራራ ስሙ በማሳይኛ «የእግዚአብሔር ተራራ» ማለት ነው። ኪኩዩዎችም እግዚአብሔርን ንጋይ ይሉታል፤ ከጥንት ጀምሮ ሲጸልዩ 5,199 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ ኬንያ ተራራ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ወደ እነዚህ ቋንቋዎች በተተረጐመ ጊዜ ተርጓሚዎቹ እነዚህኑ ስሞች ተቀበሉ። ስለዚህ በማሳይ ቤተ ክርስቲያን የሚጸልይ ክርስቲያን የሰማይና የምድርን ፈጣሪ እንካይ ብሎ ይጠራዋል። በአገራችንም ይህን የመሰለ ነገር ሆኖአል። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 ታትሞ የወጣውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጕም፣ ሕዝቡ ሰማይንና አምላክን በአንድነት የሚጠራበትን ዋቃ የሚለውን ስም አልጣለም። እኛም እግዚአብሔር የምንለው ስም በግዕዝ «የአገር ጌታ» ማለት ነው፤ በውስጡ ምድር አለበት። በኪቱይ የተወለደው የኬንያው ሊቅ ጆን ምቢቲ በ1969 ባሳተመው በአፍሪካ ሃይማኖቶችና ፍልስፍና መጽሐፉ፣ በኋላም በሌሎች ጽሑፎቹ፣ አፍሪካውያን በየቋንቋቸው የጠሩት ፈጣሪ ወንጌል ከመምጣቱ በፊትም የማይታወቅ እንግዳ እንዳልነበረ አስረድቶአል። ሐዋርያው ጳውሎስም በአቴና ሰዎች መካከል በቆመ ጊዜ መሠዊያቸውን አልሰደበም፤ ንግግሩን የጀመረው ከዚያው ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ማሳይ ሽማግሌ በጸሎቱ የሚጠራው እንካይና በፊልሙ የምትታየው እናት አንድ አይደሉም። አርቲስቷ ስሙን ተቀብላ የራስዋን ተረት ሠርታበታለች፤ ኃይልዋ የሚያልቅ፣ ሕፃን ልጅ ያላትን እናት ሥላለች። ፊልሙን አይቶ «ማሳዮች የሚያምኑት ይህን ነው» የሚል ሰው ጎረቤቱን ሳይጠይቅ ፈርዶበታል።

4. ተረትን በተረትነቱ መቀበል

አያቶቻችን ተረት ሲጀምሩ «ተረት ተረት» ይሉ ነበር፤ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ይመልሱ ነበር። ይህች አጭር ቃል እንደ ደጃፍ ናት። በእርስዋ የገባ ልጅ ጦጣ ስትፈርድ፣ ጅብ ሲጾም ቢሰማ «ውሸት ነው» አይልም፤ ወዴት እንደ ገባ ያውቃልና። በመጨረሻም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ከዚያው ደጃፍ ይወጣል። ፊልም ይህ ደጃፍ የለውም፤ ሥዕሉ በድንገት ይጀምራል፣ በድንገትም ያልቃል። ስለዚህ ደጃፉን ማቆም የወላጅ ሥራ ነው።

ስለ አማልክትና ስለ ሟች ሰዎች የሚነገሩ ተረቶች በአፍሪካ ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ያሥቃሉ። በደቡብ ሱዳን ያሉት ዲንቃዎች እንዲህ ይላሉ፦ በጥንት ዘመን ሰማይ ለምድር እጅግ ቅርብ ነበረ። አምላክም ለሰዎች በቀን አንዲት ቅንጣት እህል ሰጣቸው፤ እርስዋም ትበቃቸው ነበር። አንዲት ሴት ግን ከተሰጣት አብልጣ ልትወቅጥ ፈለገች፤ ረጅም ዘነዘና አንሥታ ወደ ላይ ስትሰነዝር አምላክን መታችው። እርሱም ተቀይሞ ርቆ ሄደ። በጋና ያሉት አሻንቲዎችም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ተረት አላቸው። ማሳዮች ደግሞ ከብት ሁሉ ከሰማይ በጠፍር ወረደ ይላሉ፤ በአደን የሚኖሩ ሰዎች ቀንተው ጠፍሩን በቈረጡ ጊዜ የሰማይና የምድር መገናኛ ተበጠሰ። በናይሮቢ የሚኖረው ክዋሜ ንዮንጎም በ2011 በሠራው ስለ ንጎንግ ኮረብቶች በሚናገር አጭር የሥዕል ፊልም፣ ከማሳይ ተረት ወስዶ አንዲትን ቆንጆ ልጃገረድ ስለ ወደደ አስፈሪ ግዙፍ ፍጡር አሳይቶናል።

አምላክ ከዘነዘና ሸሸ ሲባል የማይሥቅ ማን ነው? ነገር ግን ተረቱን የፈጠረው ሰው ስለ አምላክ መልክ ሊያስተምረን አልተነሣም። ስለ ሴቲቱ እጅ፣ ማለት ስለ እኛ እጅ ሊናገር ነው። አንዲት ቅንጣት እየበቃን ሁለት የፈለግነው እኛ ነን። ይህን የምንጠቀምበት አንድ መመዘኛ እናድርገው፦ ስለ አማልክት የሚነገር ተረት ከሁሉ አስቀድሞ የሚገልጠው የሰውን ልብ ነው። እንዲህ ተደርጎ ሲታይ እምነትን አያናውጥም፤ ከንቱም ሆኖ አይቀርም።

5. ፊልሙ ስለ እኛ የሚናገረው

በዚህ መመዘኛ «እንካይ»ን ብናየው፣ የሚናገረው ሰው የተሰጠውን ነገር መጨረሻ እንደሌለው አድርጎ መያዙን ነው። ደግሞም የሚያስጨንቀው መብላቱ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሀብቱ የሚደረገው ጠብ ራሱ ሀብቱን ይበላዋል። ሁለት ወንድማማቾች ስለ አንድ ማሳ በፍርድ ቤት ሲካሰሱ ማሳውን ሸጠው ለክርክሩ እንደሚከፍሉ ማለት ነው።

ይህን ለማየት ከኪሌሌሽዋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሰፈራችን ስም ማሳዮች ኦልሌሌሽዋ የሚሉትን፣ ቅጠሉ ነጣ ያለውንና መዓዛ ያለውን ቍጥቋጦ ያስታውሳል። ናይሮቢም ራስዋ በማሳይኛ «ቀዝቃዛ ውኃ» ከሚለው ቃል ስምዋን አገኘች። ቀድሞ ሰፋፊ የአትክልት ቦታ ያላቸው ዝቅተኛ ቤቶች በነበሩባት በኪሌሌሽዋ ረጃጅም ሕንጻዎች ተተክተዋል። በሰፈሩ በኩል የሚወርደው ኪሪችዋ ኩብዋ የተባለው ጅረት በ1907 በተመሠረተው በናይሮቢ የዛፎች መናፈሻ አልፎ ወደ ናይሮቢ ወንዝ ይገባል፤ ያም ወንዝ ከአቲ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ውኃ የተባለችው ከተማ በወንዝዋ ውስጥ ቆሻሻዋን እንደምታፈስ በድልድይ ላይ የቆመ ሁሉ ያየዋል።

ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ይህን ገና በጊዜው አስተውላ ነበር። በልጅነትዋ እናትዋ ከበለስ ዛፍ እንጨት እንዳትለቅም ከልክላት ነበር፤ በኪኩዩዎች ዘንድ ያ ዛፍ የእግዚአብሔር ዛፍ ነውና። በዛፉም አጠገብ ምንጭ ነበረ። ከዓመታት በኋላ ከትምህርት ስትመለስ ዛፉ ተቈርጦ፣ ምንጩም ደርቆ አገኘችው። ሽማግሌዎቹ በሃይማኖት ቋንቋ ይናገሩት የነበረውን ነገር ሳይንስም በራሱ ቋንቋ ይናገረዋል፤ የዛፉ ሥር ጥልቅ ስለ ሆነ አፈሩን ይይዛል፣ ውኃውንም ያሰርጋል። ዋንጋሪ በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ እንቅስቃሴን መሠረተች፤ በ1989 በኡሁሩ መናፈሻ ላይ ሊሠራ የታሰበውን ረጅም ሕንጻ ተቃወመች፤ በ1999 የካሩራን ደን ለማዳን ስትቆም ተደበደበች፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች። በ2011 በናይሮቢ ዐረፈች። ኡሁሩ መናፈሻም ካሩራም ዛሬ ልጆቻችን የሚጫወቱባቸው ስፍራዎች ናቸው።

በአገራችንም የሐረማያን ሐይቅ እናስታውስ። ለጫትና ለአትክልት እርሻ በሞተር እየተሳበ፣ ለከተማ መጠጥ እየተወሰደ፣ ከተራቈተው ኮረብታ በሚወርደው ደለል እየተሞላ፣ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ደረቀ። በጀልባ የሚሻገሩበት ስፍራ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። በኋለኞቹ ዓመታት ግን ውኃው በከፊል ተመልሶአል፤ ይህም ሰው ሲመለስ ምድርም እንደምትመለስ ያሳያል። «የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» የሚለው የአባቶች ቃል ስለዚህ ያለ ነገር የተነገረ ይመስላል።

በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። ተረት ሰዎችን ሁሉ «ሟቾች» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። በሕይወት ግን የሚያጠፋውና ዕዳውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ፣ ከብቱ ያለቀበት የቦረናና የማሳይ እረኛ ነው። በ2024 በኤፕሪልና በሜይ ናይሮቢን ጎርፍ ሲመታ፣ ቤታቸው የተወሰደባቸው በወንዝ ዳር የሚኖሩ ድሆች ናቸው። ፊልሙን ከልጆች ጋር የሚያይ ወላጅ ይህን ጉድለት ሊሞላው ይገባዋል።

6. «እግዚአብሔር ይደክማልን?»

ፊልሙን ያየ አስተዋይ ልጅ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ አይቀርም። «ዝም በል» ብለን ብንመልሰው ጥያቄው አይጠፋም፤ ከእኛ ይሸሸጋል እንጂ። ስለዚህ መልሱን አስቀድመን እናዘጋጅ።

የመልሱ የመጀመሪያ ክፍል ግልጽ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ40ኛው ምዕራፍ የምድርን ዳርቻ የፈጠረ አምላክ እንደማይደክምና እንደማይታክት ይመሰክራል። በዚህ ነገር ፊልሙና እምነታችን ይለያያሉ፤ ልዩነቱንም በግልጽ መናገር ይገባናል። የእኛ አምላክ ልጆቹ በጠብ የሚጨርሱት ኃይል የለውም።

ነገር ግን ከዚህ እውነት ሐሰተኛ መደምደሚያ ማውጣት ቀላል ነው። ብዙዎቻችን ሰጪው ስለማይደክም ስጦታውም የማያልቅ መስሎናል። ቧንቧውን ከፍተን እየተውን «የእግዚአብሔር ጸጋ አያልቅም» እንላለን። መጽሐፍ ግን እንዲህ አላስተማረንም። በበረሃ ለእስራኤል የወረደው መና በየቀኑ የተለካ ነበር፤ ለነገ ብሎ ያከማቸው ሰው ትል አገኘበት። የአዳምም የመጀመሪያ ሥራው ገነትን ማበጀትና መጠበቅ ነበረ፤ የማያልቅ ነገር ጠባቂ አያስፈልገውም። ሰጪው ወሰን የለውም፤ ወንዙ፣ ደኑ፣ አፈሩ፣ የሰውም ጕልበት ግን ወሰን አላቸው። ፊልሙ ስለ ፈጣሪ የተናገረው ቃል በፈጣሪ ላይ አይሠራም፤ በፍጥረት ላይ ግን ቃል በቃል እውነት ነው። እምነት የሌለው ሰው ይህን ቶሎ ቢያስተውልና እኛ ዘግይተን ብናስተውል፣ ነቀፋው በእኛ ላይ ነው።

የመልሱ ሁለተኛ ክፍል ከዚህ ይልቅ ጥልቅ ነው። በዮሐንስ ወንጌል በ4ኛው ምዕራፍ ጌታችን ከመንገድ ብዛት የተነሣ ደክሞት በሰማርያ ጕድጓድ አጠገብ እንደ ተቀመጠ፣ ከአንዲት ሴትም ውኃ እንደ ለመነ ተጽፎአል። የማይደክመው አምላክ በሥጋ ደከመ፤ ውኃን የፈጠረው ውኃ ጠየቀ። ስለዚህ ለልጁ እንዲህ ልንለው እንችላለን፦ «ልጄ፣ እግዚአብሔር በኃይሉ አይደክምም፤ ስለ ወደደን ግን ድካማችንን ተካፍሎአል። የደከመ ሰው ስታይ እርሱ የሚያውቀውን ነገር ታያለህ።»

በዚህ ላይ ሕፃኒቱ ሺሮ ታላቅ ነገር ታስተምረናለች። እርስዋ ያየችው የአምላክን መድከም ሳይሆን የእናትዋን መድከም ነው። በቤቶቻችን ውስጥ ማለዳ ወጥታ ማታ የምትገባ፣ ካገኘችውም ላይ ከፍላ ለአገር ቤት ዘመድ የምትልክ፣ ሌሊት ደግሞ የልጆች ልብስ የምታጥብ እናት አለች። ልጆች ይህን ኃይል መጨረሻ የሌለው አድርገው ያስባሉ፤ እናትም ድካምዋን ስለምትሸሽግ አይፈረድባቸውም። ፊልሙ ልጁን ቀና ብሎ የእናቱን ፊት እንዲያይ ካደረገው፣ ዐሥሩ ደቂቃ በከንቱ አልጠፋም።

7. በቤት እንዴት እንደሚጠና

ወላጆች ሆይ፤ ፊልሙን ወይም ይህን የመሰለ ሌላ ፊልም ለልጆቻችሁ ስታሳዩ ይህን ሥርዐት ብትከተሉ መልካም ነው። ከመጀመሩ በፊት «ተረት ተረት» በሉ፤ ልጆቹም «የላም በረት» ይበሉ። በመካከል አታቋርጡ፣ አትስበኩም፤ የሚያሥቀው ያሥቅ። ሲያልቅ አጥፍታችሁ ለጥቂት ጊዜ ዝም በሉ። ከዚያም አስቀድሞ ልጆቹ ይናገሩ፤ እናንተ ኋላ ትናገራላችሁ። በሳምንቱ ውስጥም አንድ ሥራ አብራችሁ ሥሩ፤ ወደ ዛፎቹ መናፈሻ ሄዳችሁ ጅረቱን ተመልከቱ፣ ወይም በቤት አንድ ቀን የሚፈሰውን ውኃ በባልዲ ለኩ፣ ወይም እናት የምታርፍበትን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ያዘጋጁ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ. በፊልሙ ውስጥ እውነቱን ያየችው ሕፃን የሆነችው ስለ ምን ይመስላችኋል? ታላላቆች ለምን አላዩትም?

2ኛ. የዲንቃዎቹ ተረትና የመናው ታሪክ የሚመሳሰሉት በምንድን ነው? የሚለያዩትስ?

3ኛ. ጎረቤታችን እግዚአብሔርን በሌላ ቋንቋ በሌላ ስም ሲጠራው ስንሰማ ምን ልንል ይገባናል?

4ኛ. በሰፈራችን ወሰን እንደሌለው አድርገን የምንጠቀምበት ነገር ምንድን ነው? ዕዳውንስ የሚከፍለው ማን ነው?

5ኛ. በቤታችን ውስጥ ድካሙን የሚሸሽግ ማን ነው? በዚህ ሳምንት ምን ልናደርግለት እንችላለን?

የማይደክመው አምላክ፣ የተሰጠንን በልክ የምንይዝበትን ጥበብ፣ የደከመውንም የምናይበትን ዐይን ይስጠን። አሜን።